ኬብሉ ተሰክቷል፣ መስመሩ ይሠራል፣ ኮምፒውተሩ ግን አይገናኝም፦ የከርነል ኔትወርክ ምርጫዎች ሲዛነፉ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በይፋ የሚቀበለው በአብዛኛው ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው። በባሕር ዳር ትምህርት ቤቶች፣ ቢሮዎችና ፎቶ ኮፒ ቤቶች የሚያገለግሉ ቆየት ያሉ ኮምፒውተሮች ይህን መስፈርት አያሟሉም። ባለቤቶቻቸው ማሻሻያ በሌለው ዊንዶውስ ይቀጥላሉ፣ አለዚያ አዲስ ይገዛሉ፣ አለዚያም አሮጌውን ፎርማት አስደርገው በዊንዶውስ ፈንታ ነጻውን ስርዓተ ክወና ሊኑክስን ያስጭናሉ።

ሊኑክስ ያስጫኑ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት ቅሬታ አለ፤ «ፎርማት ከተደረገ ወዲህ ኔት አይሠራም» የሚል። ምክንያቱ ሲፈለግ አንዱ «መስመሩ ነው» ይላል፣ ሌላው «ሊኑክስ ይህን ካርድ አያውቀውም» ይላል፣ ሦስተኛው «ማሽኑ አርጅቷል» ብሎ ይደመድማል። መስመሩን አስቀድሞ መጠርጠር በዚህ ከተማ ያለ ምክንያት የመጣ ልማድ አይደለም፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለወራት ተቋርጦ ቆይቶ ነበር። ሆኖም አጠገብ ያለው ስልክ በዚያው ራውተር እየተገናኘ ኮምፒውተሩ ብቻውን ሲቀር መስመሩን መውቀስ ጊዜ ይፈጃል እንጂ መፍትሔ አይሰጥም። እንዲህ ሲሆን መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ የሊኑክስ እምብርት በሆነው ከርነል ውስጥ ምን ተካቷል? ያልተካተተው የት ተቀምጧል? በሚፈለግበት ሰዓትስ ይገኛል?

በዚህ ጽሑፍ የትእዛዞችና የአማራጮች ስም እንደሚነበበው ተጽፏል። ትእዛዞቹ ኮምፒውተሩ ላይ የሚተየቡት በላቲን ትንንሽ ፊደላት ነው።

ከርነሉ የሚጠየቃቸው ጥያቄዎች

ከርነል የስርዓተ ክወናው እምብርት ነው። በሃርድዌሩና በፕሮግራሞቹ መካከል ሆኖ ራም ያከፋፍላል፣ ፕሮሰሰሩን በተራ ያስጠቅማል፣ መሣሪያዎችን ያነጋግራል። ፋየርፎክስ ድረ ገጽ ሲከፍት የኔትወርክ ካርዱን በቀጥታ አያዝም፤ ከርነሉን «ሶኬት» የሚባል የመገናኛ ጫፍ ይጠይቃል። ከርነሉ መልእክቱን በትንንሹ ይከፋፍላል፣ አድራሻ ይጽፍበታል፣ ለድራይቨሩ ያስረክበዋል። ድራይቨር የአንድን ካርድ ጠባይ ለይቶ የሚያውቅ የከርነል ክፍል ነው።

የሊኑክስ ከርነል ከስልክ እስከ ግዙፍ ሰርቨር የሚያገለግል አንድ ምንጭ ኮድ ነው። ስለዚህ ከመገንባቱ በፊት በሺዎች የሚቆጠሩ አማራጮች ተመርጠው «ዶት ኮንፊግ» በሚባል ፋይል ይመዘገባሉ። አብዛኛው ተጠቃሚ ይህን ፋይል አይቶት አያውቅም፤ ኡቡንቱና ዴቢያን የመሰሉትን ስርጭቶች (ለመጫን ተዘጋጅተው የሚቀርቡ የሊኑክስ ዓይነቶች) ያዘጋጁት ሰዎች መርጠውለታል። በሥራ ላይ ያለው ከርነል በምን ምርጫ እንደተገነባ ማየት የሚፈልግ ሰው «ቡት» የተባለውን ፎልደር ይክፈት፤ በእነዚህ ስርጭቶች ስሙ በ«ኮንፊግ» የሚጀምርና የከርነሉን የስሪት ቁጥር ያስከተለ ፋይል እዚያ አለ።

የኔትወርክ አማራጮች በዝርዝሩ ውስጥ በሁለት ቦታ መቀመጣቸው ጀማሪን ሁሉ ያደናግራል። «ኔትወርኪንግ ሰፖርት» በሚለው ሥር ያሉት ፕሮቶኮሎች፣ ማለትም የመነጋገሪያ ደንቦች ናቸው። ካርዶቹ ግን «ዲቫይስ ድራይቨርስ» ውስጥ «ኔትወርክ ዲቫይስ ሰፖርት» በሚለው ሥር ለብቻቸው ተዘርዝረዋል። የመጀመሪያውን ሞልቶ ሁለተኛውን የረሳ ሰው ቋንቋ የሚያውቅ፣ ግን አፍ የሌለው ከርነል ይገነባል።

ከፕሮቶኮሎቹ ሦስቱ በምንም ሰበብ መቅረት የለባቸውም፦ ፓኬት ሶኬት፣ ዩኒክስ ሶኬትና የኢንተርኔት መሠረታዊ ደንብ የሆነው ቲሲፒ/አይፒ። ፓኬት ሶኬት ከሌለ የኬብሉ መብራት በርቶ፣ ድራይቨሩም ሠርቶ፣ ኮምፒውተሩ ግን አድራሻ አያገኝም። ከራውተሩ አድራሻ የሚጠይቁት የዲኤችሲፒ ፕሮግራሞች ገና አድራሻ ሳይኖራቸው መልእክት መላክ የሚችሉት በዚህ ሶኬት ስለሆነ ነው። ዩኒክስ ሶኬት ደግሞ ስሙ ከኔትወርክ ጋር ይቀመጥ እንጂ የሚያገለግለው በአንድ ማሽን ውስጥ ያሉ ፕሮግራሞችን ለማገናኘት ነው። «ኢንተርኔት ለማያስፈልገው ኮምፒውተር ኔትወርኩን በሙሉ ላጥፋው» ብሎ እሱንም ያጠፋ ሰው ሌሎቹን ፕሮግራሞች የሚያስነሳው ሲስተምዲና መሣሪያዎችን የሚከታተለው ዩዴቭ ስለማይግባቡ ዴስክቶፑ ራሱ አይነሳለትም።

ዋይ፣ ኤም፣ ኤን

ለአብዛኛው አማራጭ የሚሰጠው መልስ ከሦስቱ አንዱ ነው። «ዋይ» የተባለው ክፍል ከርነሉ ውስጥ ተሠርቶ ይገባል። «ኤም» የተባለው ሞጁል ይሆናል፤ ሞጁል ማለት ለብቻው በፋይል ተቀምጦ ሲፈለግ ወደ ራም የሚጫን የከርነል ቁራጭ ነው። «ኤን» የተባለው አይሠራም። በታንኳ ለሚመላለስ ሰው እንዲህ ነው፦ ዋይ ከመነሻው የተጫነ ዕቃ፣ ኤም ወደቡ ላይ ሆኖ ሲጠሩት የሚመጣ ዕቃ፣ ኤን ከነጭራሹ ያልተገዛ ዕቃ። ወደብ ላይ ያለውን ዕቃ ለማምጣት ወደቡ ድረስ መድረስ ግድ ነው፤ ይህ ነጥብ ወደ ፈርምዌር ስንመጣ ይመለሳል።

ምርጫዎቹ እርስ በርስ የተሳሰሩ ናቸው። አንድ ክፍል ኤም ከሆነ በእሱ ላይ የሚደገፈው ዋይ ሊሆን አይችልም። የሚደገፍበት ክፍል ኤን ከሆነ ደግሞ አማራጩ ከነአካቴው ከዝርዝሩ ይሰወራል። «ሊኑክስ ይህን ካርድ አያውቀውም» የሚለው ፍርድ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው አማራጩን በዝርዝሩ ውስጥ ባጣ ሰው ነው። «ሜክ ሜኑኮንፊግ» በሚለው መምረጫ ውስጥ የስላሽ ቁልፍ ተጭኖ የድራይቨሩን ስም መፈለግ ይቻላል፤ ውጤቱ አማራጩ የት እንዳለና በምን እንደታገደ ያሳያል።

የአምራቾች ስም ሌላው ወጥመድ ነው። በካርዶቹ ዝርዝር ውስጥ «ሪልቴክ ዲቫይስስ» የሚል መስመር ላይ ምልክት ማድረግ አንድም ድራይቨር አያስገባም። መስመሩ በር ብቻ ነው፤ ከከፈቱት በኋላ ውስጥ ገብቶ ካርዱን ራሱን መምረጥ ያስፈልጋል።

ድራይቨሩ አለ፣ ካርዱ ግን አይነሳም

ፎርማት ተደርጎ የማይገናኝ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ ሰው መጀመሪያ የሚያዘው «ኤልኤስፒሲአይ» የሚለውን ትእዛዝ «ኤንኤንኬ» ከሚል መለያ ጋር ነው። በዩኤስቢ ለሚሰካ መሣሪያ «ኤልኤስዩኤስቢ» ይተካዋል። የመጀመሪያው ትእዛዝ በየካርዱ ሥር የትኛው ድራይቨር እንደያዘው ይጽፋል። ካርዱ ጭራሽ ካልተዘረዘረ ነገሩ የሃርድዌር ወይም የባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ የሚሠራው ፕሮግራም) ነው። ተዘርዝሮ ከሥሩ ድራይቨር ከሌለ የከርነል ምርጫ ነው። ድራይቨር ተጽፎ ግንኙነት ከሌለ «ዲሜሴጅ» የሚለውን ትእዛዝ ሰጥቶ ከርነሉ ሲነሳ የጻፈውን ማንበብ ይገባል፤ እውነተኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።

በተራ ዴስክቶፖች ላይ በብዛት የሚገኘውን የሪልቴክ የኬብል ካርድ እንውሰድ። ድራይቨሩ «አር8169» ይባላል፤ ስሙ 8169 ቢሆንም 8168 እና 8111 የተባሉትንም ቺፖች ይይዛል። ይህ ድራይቨር ብቻውን አይሠራም። የኬብሉን ኤሌክትሪካዊ ጫፍ የሚቆጣጠር «ሪልቴክ» የሚባል ሌላ ሞጁል ይፈልጋል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቀድሞ የሚጫነው ትንሹ የፋይል ጥቅል፣ ኢኒትራምኤፍኤስ፣ የመጀመሪያውን ይዞ ሁለተኛውን ከተወ ካርዱ አይነሳም። ከርነሉም የሪልቴክ ሞጁል እንዳልተጫነና ምናልባት ወደ ኢኒትራምኤፍኤስ መጨመር እንዳለበት በግልጽ ይጽፋል። መልእክቱን ያላነበበ ሰው ግን ኬብል ይቀይራል፣ ከዚያ ካርድ ይገዛል።

በዋይፋይ ላይ ጉዳዩ ይወሳሰባል። ሦስት እርከኖች መሟላት አለባቸው፦ የዋይፋይ ደንቦችን የሚያስተዳድረው «ሲኤፍጂ80211»፣ ብዙዎቹ ካርዶች የሚጋሩት «ማክ80211»፣ ከዚያም የካርዱ ድራይቨር። ለኢንቴል ካርዶች «አይደብልዩኤል ዋይፋይ» ብቻውን አይበቃም፤ ለአሮጌዎቹ «ዲቪኤም»፣ ለኋለኞቹ «ኤምቪኤም» የሚባል ተጨማሪ ክፍል አለው። ሁለቱም ካልተመረጡ ድራይቨሩ ተጭኖ ዋይፋይ አይታይም።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ ፈርምዌር ይቀራል። ፈርምዌር የሚሠራው በኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር ሳይሆን በካርዱ ውስጥ ባለች ትንሽ ፕሮሰሰር ላይ ነው። የከርነሉ አካል አይደለም፤ አምራቹ የሚሰጠው የተዘጋ ፋይል ሆኖ «ሊብ ፈርምዌር» በሚባል ፎልደር ይቀመጣል፣ ድራይቨሩም ካርዱን ሲያስነሳ ያነብበዋል። ካጣው በዲሜሴጅ ላይ ፈርምዌሩን መጫን እንዳልተቻለና የስህተቱ ቁጥር ከዜሮ በታች 2 እንደሆነ ይጻፋል። ይህ ቁጥር ትርጉሙ «ፋይሉ የለም» ብቻ ነው፤ ካርዱ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

ፋይሉ በዲስኩ ላይ እያለ «የለም» የሚባልባቸው ሁለት አጋጣሚዎች ግን ልምድ ያለውን ባለሙያም ያሳስታሉ። የመጀመሪያው ድራይቨሩ በዋይ ሲገነባ ነው። ከርነሉ ዋናውን ዲስክ ገና ሳይከፍት ካርዱን ለማስነሳት ስለሚሞክር ፈርምዌሩ ካለበት ፎልደር ሊደርስ አይችልም። መፍትሔው ድራይቨሩን ኤም ማድረግ ነው፤ ካልሆነም ፈርምዌሩን ኢኒትራምኤፍኤስ ውስጥ ማስገባት ወይም «ኤክስትራ ፈርምዌር» በሚለው አማራጭ ከከርነሉ ጋር ማጣበቅ። «ዋይ ከኤም ይበልጣል» የሚለው የተለመደ ግምት የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው አጋጣሚ የፋይሎቹ መታመቅ ነው። ኡቡንቱና ፌዶራ የፈርምዌር ፋይሎችን አሁን የሚያስቀምጡት አምቀው ነው። ራሱ በገነባው ከርነል ላይ የታመቀ ፈርምዌር የማንበቢያ አማራጩን ያልመረጠ ሰው ፋይሉን በዓይኑ እያየ ከርነሉ «የለም» ይለዋል። ማመቂያው ኤክስዜድ ወይም ዜድስታንዳርድ ሊሆን ስለሚችል ስርጭቱ የሚጠቀምበትን ለይቶ መምረጥ ያስፈልጋል።

ርካሽ የዩኤስቢ ዋይፋይ መሰኪያዎች ሌላ ችግር አላቸው። የብዙዎቹ ድራይቨር ለዓመታት ከከርነሉ ውጭ ቆይቷል፤ ከኢንተርኔት አውርደው የገነቡት ሞጁል ደግሞ ከርነሉ በተሻሻለ ቁጥር ይሰናከላል። «አፕዴት ካደረግሁ ጀምሮ ዋይፋይ ጠፋ» የሚለው አቤቱታ አንዱ ምንጩ ይህ ነው። ከከርነል 6.2 ጀምሮ ግን «አርቲደብልዩ88» የተባለው ድራይቨር 8821ሲዩንና 8822ቢዩን የመሰሉ የሪልቴክ ዩኤስቢ ቺፖችን ይይዛል። ለእነዚህ አዲስ ከርነል መጫን ድራይቨር ከማደን ይቀላል።

ኔትወርኩ የተወቀሰበት፣ ግን ከኔትወርኩ ያልሆነ አንድ ነገር እዚህ ላይ መጠቀስ አለበት። በአሮጌ ማሽን ውስጥ ሲአር2032 የምትባለዋ የእናት ቦርድ ባትሪ ስትሞት የኮምፒውተሩ ቀን ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ፒንግ የሚባለው የግንኙነት መፈተሻ ትእዛዝ ይሠራል፣ ድረ ገጾች ግን የደኅንነት ሰርተፊኬታቸው ጊዜ አልደረሰም ተብለው አይከፈቱም። ከርነል ከመነካካት በፊት ቀኑን ማየት ያዋጣል።

ዶንግልና የስልክ ኬብል

ከመሀል ከተማው ወጣ ሲሉ፣ ለምሳሌ ዘጌ ወይም ጎርጎራ ላይ፣ ኮምፒውተር የሚገናኘው በአብዛኛው በሞባይል ነው። የአንድሮይድ ስልክ በዩኤስቢ ኬብል ኢንተርኔት ሲያካፍል (ዩኤስቢ ቴተሪንግ የሚባለው) ለኮምፒውተሩ የሚታየው እንደ ኔትወርክ ካርድ ነው። የሚይዘው ድራይቨር «አርኤንዲአይኤስ ሆስት» ነው፤ አንዳንድ አዳዲስ ስልኮች «ሲዲሲ ኤንሲኤም» የተባለውን ይጠቀማሉ። አይፎን «አይፒ ኢትዝ» የሚባል የራሱ ድራይቨርና «ዩኤስቢ መክስዲ» የሚባል ረዳት ፕሮግራም ይፈልጋል።

ሲም የሚገባበት ዶንግል ከስልክ የሚለየው ሲሰካ መጀመሪያ እንደ ሲዲ መምሰሉ ነው። በውስጡ የዊንዶውስ ፕሮግራም ስላለ ራሱን እንደ ሲዲ ያቀርባል፤ «ዩኤስቢ ሞድስዊች» የተባለው ፕሮግራም ትእዛዝ ሲሰጠው ወደ ሞደምነት ይለወጣል። ይህ ፕሮግራም ያልተጫነበት ኮምፒውተር የፈለገውን ያህል ድራይቨር ቢኖረው ሲዲ ብቻ ያያል። ከተለወጠ በኋላ እንደ ሞዴሉ «ኦፕሽን»፣ «ኪውኤምአይ ደብልዩዋን» ወይም «ሲዲሲ ኤምቢአይኤም» ይይዘዋል። በ«ኦፕሽን» ተይዘው የሚደውሉት የቆዩ ዶንግሎች ፒፒፒ የተባለውን ፕሮቶኮልና «ፒፒፒ አሲንክ» የሚባለውን ክፍሉን ይፈልጋሉ። አንዳንድ የሁዋዌ ዶንግሎች ደግሞ ራሳቸው ራውተር ናቸው፤ እንደ ካርድ ታይተው በ192.168.8.1 አድራሻ ይገኛሉ፣ መደወልም አያስፈልጋቸውም።

አንድ መስመር ለሠላሳ ኮምፒውተር

አሮጌ ዴስክቶፕን የትምህርት ቤት ላብራቶሪ ወይም የኢንተርኔት ካፌ መግቢያ በር ማድረግ የተለመደ ዘዴ ነው። በአንዱ ካርድ መስመሩን ይቀበላል፣ በሌላው ለተቀሩት ያከፋፍላል። የከርነል ምርጫ ጥቅሙም ጉዳቱም በግልጽ የሚታየው እዚህ ስለሆነ ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል።

ሲገነባ የሚመረጠውና ሲሠራ የሚበራው መለየት አለበት። ከጣና ወደ ዓባይ የሚወጣውን ውኃ የሚቆጣጠረው የጨረጨራ ግድብ በሮች አሉት፤ በር ያልተሠራለት ግድብ ውኃ ሊለቅ አይችልም፣ በሩ ተሠርቶለት ያልተከፈተም እንዲሁ። ከርነሉም ከአንዱ ካርድ የመጣን መልእክት ወደ ሌላው የማስተላለፍ ችሎታ ከቲሲፒ/አይፒ ጋር ተሠርቶለታል፤ ግን ተዘግቶ ነው የሚነሳው። «አይፒ ፎርዋርድ» የተባለው ማስተካከያ ዋጋው 0 ነው፣ 1 መደረግ አለበት። በትእዛዝ ብቻ ከተደረገ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ወደ 0 ይመለሳል። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር «ላቡ ኔት አጣ» የሚባልበት ላብራቶሪ ማስተካከያው «ሲስሲቲኤል ዶት ዲ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ በፋይል መጻፉን ቢያረጋግጥ ጥሩ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የአድራሻ ትርጉም፣ ናት፣ ነው። ሠላሳ ኮምፒውተሮች በአንድ የውጭ አድራሻ እንዲወጡ ከርነሉ ማን ምን እንደጠየቀ መዝግቦ መያዝ አለበት። ለዚህ መልእክቶችን የሚያጣራው ኔትፊልተር፣ «ኮንትራክ» የሚባለው መዝጋቢ፣ ደንቦቹ የሚጻፉበት «ኤንኤፍ ቴብልስ» እና የውስጡን አድራሻ በውጩ የሚተካው «ማስከሬድ» ያስፈልጋሉ። ማስከሬድ ሳይመረጥ ቀርቶ ደንቡን ለመጻፍ ሲሞከር የሚመጣው መልስ አሳሳች ነው፤ «እንዲህ ያለ ፋይል ወይም ፎልደር የለም» ይላል። ሰው የደንቡን ፋይል ሲፈልግ ይውላል፤ የጠፋው ግን የከርነል ሞጁል ነው።

ኮንትራክ መዝገቡ ወሰን አለው፤ የወሰኑ ስፋት በኮምፒውተሩ ራም መጠን ይወሰናል። ራሙ አነስተኛ የሆነ ማሽን ብዙ ተጠቃሚ ሲበዛበት፣ በተለይ ቫይረስ የያዘው አንድ ኮምፒውተር በሺዎች የሚቆጠሩ ግንኙነቶችን ሲከፍት፣ መዝገቡ ይሞላል። ዲሜሴጅ ላይ ሠንጠረዡ እንደሞላና መልእክት እየተጣለ እንደሆነ ይጻፋል። ከውጭ ሲታይ ግን የተከፈተው ገጽ እየሠራ አዲስ ገጽ አይከፈትም። ወሰኑን ማሳደግ ያስታግሳል፤ ምክንያቱን የሚያጠፋው ግን ያንን ኮምፒውተር መለየት ነው።

መስመሩ በፒፒፒኦኢ የሚገባ ከሆነ፣ ማለትም ሞደሙ በስምና በይለፍ ቃል የሚደውል ከሆነ፣ በእያንዳንዱ መልእክት ላይ 8 ባይት ተጨማሪ ራስጌ ይጫናል። ስለዚህ የሚያልፈው ትልቁ መልእክት ከ1500 ወደ 1492 ባይት ይወርዳል። ከውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች ይህን አያውቁም። ሲገናኙ «እስከ 1460 ባይት ዳታ ላክልኝ» ብለው ይስማማሉ፤ በመንገድ ላይ ያለ ሰርቨር ወይም ፋየርዎል «መልእክቱ ትልቅ ነው» የሚለውን ማስታወቂያ ካፈነ ገጹ በመጠበቅ ይቀራል። አንዳንዱ ድረ ገጽ እየተከፈተ ሌላው ለዘላለም የሚሽከረከር ከሆነ፣ በስልክ ዳታ ሲሞከር ግን ሁሉም የሚከፈት ከሆነ፣ ቀድሞ መጠርጠር ያለበት ይህ ነው። መፍትሔው መግቢያ በሩ ላይ ስምምነቱን ወደ 1452 የሚያወርድ ደንብ ማኖር ነው፤ በኤንኤፍ ቴብልስ ፈንታ የቆየውን አይፒቴብልስ ለሚጠቀም «ቲሲፒኤምኤስኤስ» የተባለው ሞጁል መመረጥ አለበት።

በመጨረሻም ወረፋ። አንድ ሰው ትልቅ ፋይል ሲልክ የሌሎቹ ግንኙነት የሚንቀረፈፈው መስመሩ ስለጠበበ ብቻ አይደለም፤ መልእክቶች ሞደሙ ውስጥ ረጅም ሰልፍ ስለሚይዙም ነው። ከከርነል 3.5 ጀምሮ ያለው «ኤፍኪው ኮዴል» እና ከ4.19 ጀምሮ ያለው «ኬክ» ሰልፉን አጭርና ፍትሐዊ ያደርጋሉ። ኬክን የሚጠቀም ሰው ፍጥነቱን በእጁ መወሰን አለበት፤ ተለክቶ 10 ሜጋቢት የሆነውን መስመር 9 ሜጋቢት ብሎ ይወስነዋል። አለበለዚያ ሰልፉ ከሞደሙ ወደ ኮምፒውተሩ አይመጣለትም፣ ኬክም የሚያስተካክለው ነገር አያገኝም። አንድ ሜጋቢት ትቶ የተረጋጋ መስመር ማግኘት፣ ለላብራቶሪ ባንድዊድዝ ከመጨመር በፊት መሞከር ያለበት እርምጃ ነው።

የራስን ከርነል መገንባት ያስፈልጋል?

በዚህ ላይ ባለሙያዎች አይስማሙም። የማያስፈልገውን አስወግዶ የራስን ከርነል መገንባት ይሻላል የሚሉት ዋና ክርክራቸው ደኅንነት ነው፤ ያልተካተተ ኮድ ሊጠቃ አይችልም። ማስረጃ አላቸው። ዲሲሲፒ የተባለው፣ ማንም ተጠቃሚ ሆን ብሎ የማይነካው ፕሮቶኮል ምናልባት በ2005 እ.ኤ.አ. ወደ ከርነሉ ከገባ ጀምሮ አደገኛ ቀዳዳ ይዞ ቆይቶ የተገኘበት በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ፕሮቶኮሉ ራሱ በ2025 እ.ኤ.አ. ከከርነሉ ወጥቷል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ዲሲሲፒን ኤን ያሉ ሰዎች ከዚህ ተጠብቀው ኖረዋል።

የተዘጋጀውን መጠቀም ይሻላል የሚሉት ደግሞ ሥራው አንድ ጊዜ ተሠርቶ እንደማያልቅ ያስታውሳሉ። አዲስ የከርነል ስሪት በየ9 ወይም 10 ሳምንቱ ይወጣል፤ የጥገና ማሻሻያዎች በየሳምንቱ ገደማ ይመጣሉ። የራሱን የገነባ ሰው እነዚህን ተከታትሎ እንደገና መገንባት አለበት። ካልተከታተለ ለደኅንነት ብሎ የጀመረው ሥራ ያልተጠገነ ከርነል ላይ ይጥለዋል። «የራስ ከርነል ያፈጥናል» የሚለው ተስፋም የተጋነነ ነው፤ ያልተጫነ ሞጁል የዲስክ ቦታ ይይዛል እንጂ ራም አይወስድም።

ለላብራቶሪና ለቢሮ ዴስክቶፖች ሁለተኛው ሐሳብ ሚዛን ይደፋል። ተማሪ ወይም ሠራተኛ በተቀያየረ ቁጥር የራስ ከርነልን የሚንከባከብ ሰው አብሮ ይሄዳል፤ ማሽኖቹ ግን ይቀራሉ። የደኅንነቱን ጥቅም በቀላሉ ማግኘት ይቻላል፦ የማይፈለጉ ፕሮቶኮሎች ሞጁል እስከሆኑ ድረስ «ሞድፕሮብ ዶት ዲ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ እንዳይጫኑ ማገድ በቂ ነው። የራስ ግንባታ ቦታ የሚኖረው መግቢያ በር ላይ፣ በትንንሽ ቦርዶች ላይና ከርነልን ለመማር በሚደረግ ሥራ ላይ ነው። የመጨረሻው ቀላል ምክንያት አይደለም፤ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ ውስጥ ያለ ተማሪ ኔትወርክ እንዴት እንደሚሠራ ከዚህ የተሻለ የሚገባበት መንገድ ጥቂት ነው።

ለሚገነባው

ምንጭ ኮዱ በታመቀ ፋይል ወደ 150 ሜጋባይት ነው፤ ሙሉውን የለውጥ ታሪክ በጊት ማውረድ ግን ጊጋባይቶችን ስለሚበላ በፓኬጅ ለሚሠራ አይመከርም። ቢያንስ 25 ጊጋባይት ነጻ ቦታ ያስፈልጋል። መነሻው ባዶ ዝርዝር ሳይሆን ስርጭቱ የሠራበት የኮንፊግ ፋይል ይሁን፤ «ዶት ኮንፊግ» ተብሎ ይቀዳል፣ «ሜክ ኦልድዴፍኮንፊግ» አዳዲስ ጥያቄዎችን በነባሪ መልሳቸው ይሞላል።

«ሜክ ሎካልሞድኮንፊግ» አሁን የተጫኑትን ሞጁሎች ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ይጥላል፤ በአሮጌ ባለሁለት ኮር ማሽን ሰዓታት የሚፈጀውን ግንባታ በእጅጉ ያሳጥራል። አደጋው «አሁን» በሚለው ቃል ውስጥ ነው። በዚያች ደቂቃ ያልተሰካው ዶንግል፣ ያልተገናኘው ስልክ፣ ያልተከፈተው ናት በሙሉ ከከርነሉ ይወጣሉ። ትእዛዙ ከመሰጠቱ በፊት የሚሰካው ሁሉ ተሰክቶ፣ ዋይፋዩ በርቶ፣ የፋየርዎል ደንቦቹም ተጭነው መሆን አለባቸው።

«ሎካል ቨርዥን» በሚለው ቦታ የራስ መለያ ስም መጻፍ ሞጁሎቹ ከስርጭቱ ሞጁሎች ጋር እንዳይደባለቁ ያደርጋል። ከግንባታው በኋላ «ሜክ ሞጁልስ ኢንስቶል» መረሳት የለበትም፤ ከተረሳ ከርነሉ ይነሳል፣ ነገር ግን ኤም የተባለው ሁሉ የለም፣ ኔትወርኩም ከእነሱ ጋር ይቀራል። በግንባታው መሀል መብራት ቢጠፋ ገንቢው ፕሮግራም ሜክ ካቆመበት ይቀጥላል፤ በከፊል የተጻፈ ፋይል ተገኝቶ ስለ ቅርጹ ካማረረ ያንን አንድ ፋይል ሰርዞ መድገም ይበቃል። የቀድሞውን ከርነል ከግረብ ማስነሻ ዝርዝር ማጥፋት የሚቻለው አዲሱ ለቀናት ያለ እንከን ከሠራ በኋላ ነው።

ከፎርማት በፊት

አብዛኛው አንባቢ ከርነል አይገነባም፤ ፎርማት ያስደርጋል እንጂ። ዴቢያን ከ2023ቱ 12ኛ እትሙ ጀምሮ ፈርምዌሮችን ከማስጫኛው ጋር ስለሚያቀርብ የዋይፋይ ችግር ቀንሷል። በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው 13ኛው እትም ግን ለ32 ቢት የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ከርነልም ማስጫኛም አያቀርብም። ስለዚህ በጣም አሮጌ ማሽን ወደ ጥገና ቤት ከመውሰድ በፊት ፕሮሰሰሩ 64 ቢት መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሊኑክስ ከፍላሽ ላይ ሳይጫን ሊሞከር ይችላል፤ በዚያ መንገድ ኬብሉም ዋይፋዩም ዶንግሉም አንድ በአንድ ይፈተሹ። ዊንዶውሱ ሳይጠፋ ከዲቫይስ ማኔጀር የእያንዳንዱ ካርድ የአምራችና የሞዴል ኮድ በወረቀት ይጻፍ፤ ባለ አራት አሃዝ ሁለት ኮዶች ናቸው፣ ከኢንተርኔት ድራይቨሩን የሚያስገኙት እነሱ እንጂ ሳጥኑ ላይ ያለው ስም አይደለም። የፈርምዌር ጥቅሉም በሌላ ኮምፒውተር ወርዶ በዚያው ፍላሽ ላይ ይቀመጥ። ዋይፋይ የሌለው ኮምፒውተር ዋይፋይ የሚያስነሳለትን ፋይል ራሱ ሊያወርድ አይችልም፤ ፋይሉ ሲጠፋ የሚያስፈልገው የዩኤስቢ ቴተሪንግ ኬብልም እጅ ላይ ይሁን፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ፣ የዳታ ሽቦ የሌላቸው ኬብሎች ስላሉ አስቀድሞ በሌላ ኮምፒውተር ይሞከር።